«እንደገና!»፦ ሕፃናት ሥዕል ያለው አስቂኝ ግጥም ለምን ይወዳሉ?

የእህቴ ልጅ አራት ዓመቷ ነው። ማንበብ ገና አልጀመረችም። ሰሞኑን አንድ ወረቀት ላይ ዶሮ ሣልኩላትና ከሥሯ ስድስት መስመር ጻፍኩ፦

አንዲቱ ዶሮ ባርኔጣ ገዝታ
ገበያ ወጣች ቅዳሜ ማታ፤
ነጋዴው አያት ሳቁን አፍኖ
«እንቁላል አለሽ?» አላት ለምኖ፤
«እንዴታ!» አለች፣ «አለኝ ጌታዬ፣
ደብቄዋለሁ በባርኔጣዬ!»

ሥዕሉ ላይ ግን ግጥሙ ያልተናገረው ነገር አለ። ከባርኔጣው ሥር ቢጫ ነገር እየተንጠባጠበ የዶሮዋ ምንቃር ጫፍ ደርሷል። ዶሮዋ አታውቅም። ነጋዴውም አላየም።

ልጅቷ መጀመሪያ ሥዕሉን አየች። ቀጥላ እኔን አየች። ጣቷን ቢጫው ላይ አድርጋ «ተሰብሯል እኮ!» አለችና በሳቅ ፈነዳች። ከዚያማ «እንደገና!» ብቻ ሆነ። በአራተኛው ዙር «ደብቄዋለሁ በ...» ብዬ ዝም ስል «ባርኔጣዬ!» ብላ ጮኸች። በሰባተኛው ላይ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ራሷ «አነበበችልኝ»። ጣቷ ፊደሎቹ ላይ ሳይሆን ዶሮዋ ላይ ነበር። አንድም ቃል ግን አልሳተችም።

«ልጅ ነው፣ ያስቀዋል» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል። እኔ እንደሚገባኝ የዚህ ዓይነቱ ግጥም ምሥጢር አንድ ነው፤ በቤቱ ውስጥ ትንሹን ሰው አዋቂ ያደርገዋል። እስኪ አስቡት። የአራት ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲታረም ነው የሚውለው። ጫማውን በተቃራኒው ያደርጋል፣ ቃል ያጣምማል፣ ትናንትንና ነገን ያምታታል። ሁሉም ከሱ በላይ ያውቃል። አስቂኝ ግጥም ሲነበብለት ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሚመጣውን ቃል ቀድሞ ያውቀዋል። ዶሮዋ የማታውቀውን ያያል። የትኛው ነገር ቦታውን እንደሳተም ይለያል። በጆሮው፣ በዓይኑና በአእምሮው ይቀድማል ማለት ነው።

ከጆሮው ልጀምር። ቤት የሚመታ ግጥም ለአድማጩ ፍንጭ ይሰጠዋል። «ጌታዬ» የሚለውን የሰማ ልጅ ቀጣዩ መስመር በ«ዬ» እንደሚያልቅ ጆሮው ይነግረዋል። ዶሮዋ ባርኔጣ እንዳላት ደግሞ ከመጀመሪያው መስመር ያውቃል። ሁለቱን ሲያጋጥም መልሱ ይመጣለታል። ይህ ለኛ ኢምንት ይመስላል። ለልጁ ግን እንቆቅልሽ እንደ መፍታት ነው። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ መርምሮ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሕፃናት አዲስ ቃል በደንብ የያዙት ቃሉ ቤት መምቻው ላይ ሲመጣና አንባቢው ከቃሉ በፊት ትንሽ ዝም ሲል ነበር። ያቺ ዝምታ ትልቅ ነገር ናት። ልጁ የሚገምተው እዚያች ላይ ነው።

ጥቅሙ ከሳቁም ያልፋል። በ1989 የወጣ አንድ የእንግሊዝ ጥናት 64 ሕፃናትን ከሦስት ዓመታቸው ጀምሮ እስከ ስድስት ዓመታቸው ተከታትሏል። በሦስት ዓመታቸው የልጆች ግጥም በብዛት የሚያውቁት በኋላ ንባብና አጻጻፍ ላይ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ የቤተሰቡን ኑሮና የልጁን የአእምሮ ችሎታ ልዩነት ቀንሰው ቢያዩትም ዝምድናው አልጠፋም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቤት መምታትን የሚሰማ ልጅ ቃል ከትንንሽ ድምፆች የተሠራ መሆኑን ደርሶበታል። ንባብ ደግሞ እነዚያን ድምፆች ከምልክት ጋር ማገናኘት ነው።

ሌላው ምቱ ነው። እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ሩሲያዊው የልጆች ገጣሚ ኮርኔይ ቹኮቭስኪ በ1916 የታመመ ልጁን ይዞ በባቡር ሲጓዝ ልጁን ለማባበል ስለ አንድ አዞ ግጥም ማውራት ጀመረ። የግጥሙን ምት የሰጠው የባቡሩ ጎማ ነበር። ሃያ ዓመት ቆይቶ ደግሞ ዶክተር ሱስ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው አሜሪካዊው ቴዎዶር ጋይዝል ከአውሮፓ ወደ አገሩ በመርከብ ሲመለስ የሞተሩ ድምፅ ከጭንቅላቱ አልወጣ አለው። በዚያው ምት ቃል መደርደር ጀመረ። በ1937 የታተመው የመጀመሪያው የልጆች መጽሐፉ የተወለደው እንዲህ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ አንዱ በባቡር ሌላው በመርከብ፣ ከማሽን ላይ ምት ቀድተው ለልጆች ሰጡ።

የኛ ልጆች ምትን የሚያገኙት ከሰው አካል ነው። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ እሹሩሩ የተባለ ልጅ ምቱን በደረቱ ነው የሰማው። ቡና በሙቀጫ ሲወቀጥ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሰምቷል። ቡሄ ሲደርስ ታላላቆቹ በዱላ መሬት እየመቱ ሆያ ሆዬ ሲሉ አብሮ ዘሏል። የዶሮዋ ግጥም በአምስት በአምስት ምት ነው የሚራመደው። «አንዲቱ ዶሮ» አምስት ነው፤ «ባርኔጣ ገዝታ» አምስት ነው። ሥነ ግጥም የሚያስተምሩ ሰዎች ሰንጎ መገን ይሉታል። ልጅቷ ስሙን አታውቅም፤ ግን ጉልበቷን እየመታች ነበር የምትሰማው። አንድ ቦታ ላይ ቃል ጨምሬ ምቱን ባበላሸሁት ጊዜ ወዲያው «እንደዛ አይደለም!» አለችኝ።

ወደ ዓይን ልምጣ። ለልጅ ስናነብ ልጁም አብሮን ፊደሉን የሚከተል ይመስለናል። አይከተልም። በ2005 የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት መጽሐፍ ሲነበብላቸው የሕፃናቱን የዓይን እንቅስቃሴ በመሣሪያ ተከታትሎ ነበር። ሕፃናቱ ፊደሉን አያዩትም ማለት ይቻላል። ዓይናቸው ያለው ሥዕሉ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ ላይ ሁለት ንባብ አለ። ትልቁ ሰው ፊደሉን ያነባል፤ ትንሹ ሰው ሥዕሉን ያነባል። ብዙ ጊዜ ትንሹ ነው ቀድሞ የሚጨርሰው።

ጎበዝ ሠዓሊ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ቃሉ የተናገረውን ደግሞ አይሥለውም። ግጥሙ «ደብቄዋለሁ» ሲል ሥዕሉ «ተሰብሯል» ይላል። ሳቁ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ቢጫዋን ጠብታ ከሥዕሉ ላይ ብታጠፉት ግጥሙ ግማሽ ይሞታል። ጠብታዋን በቃል ብትናገሩት ደግሞ ልጁ የሚያገኘው ነገር አይኖርም። አገራችን ውስጥ ለልጆች የሚታተሙ ብዙ መጻሕፍት የሚደክሙት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ግጥሙ «ድመቷ ወተት ጠጣች» ካለ ሥዕሉ ወተት የምትጠጣ ድመት ነው። በቃ። ለልጁ የተረፈለት ነገር የለም።

በሥዕል ኃይል የሚያምን አንድ ሐኪም ነበር። ሃይንሪክ ሆፍማን ይባላል፤ የጀርመን ፍራንክፈርት ሰው ነው። የታመሙ ሕፃናትን ለማየት ወደየቤቱ ሲሄድ ልጆቹ ሐኪም ሲያዩ ይጮኻሉ፤ ወላጅ «ዶክተር ይመጣብሃል» እያለ ሲያስፈራራቸው የኖሩ ናቸው። እሱ ታዲያ ከኪሱ ወረቀትና እርሳስ አውጥቶ እዚያው ፈጠን ፈጠን እያለ ሥዕል እየሣለ ተረት ይነግራቸዋል። ልጁ ጸጥ ይላል። ሐኪሙ የልብ ምቱን ያዳምጣል። በ1844 የገና ሰሞን ለሦስት ዓመት ልጁ መጽሐፍ ሊገዛ ወጣ። ያገኘው ሁሉ ረጅም ምክር ነው። «ልጅ ሁልጊዜ እውነተኛ መሆን አለበት» የሚል ዓይነት። ባዶ ደብተር ገዝቶ ተመለሰና ራሱ ጻፈ፣ ራሱ ሣለ። በቀጣዩ ዓመት ታተመ፤ ርዕሱም ራሱ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ አስቂኝ ታሪክና ሥዕል መሆኑን ይናገር ነበር። አንዳንዱ ታሪክ ለዛሬ ወላጅ ይጨክናል። ጣቱን የሚጠባ ልጅ አውራ ጣቶቹ በመቀስ ይቆረጣሉ። ይህን እኔ ለአራት ዓመት ልጅ አላነበውም። ግን ሐኪሙ አንድ ነገር በትክክል አይቷል፤ ምክር ብቻውን የማይይዘውን ልጅ ሥዕልና ግጥም ይይዙታል።

ሦስተኛው አእምሮ ነው፤ ለኔ ዋናው ይህ ነው።

ቹኮቭስኪ ስለ ልጆች ቋንቋ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሴት ልጁ የተናገረው አለ። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት አንድ ቀን ወደሱ መጣች። ውሻ «ሚያው» ይላል አለችው። ብላም ሳቀች። ግን የውሸት ዓይነት ሳቅ ነበር፤ እሱም እንዲስቅላት የሚጋብዝ። አባት ሊያርማት ሞከረ። አልተቀበለችም፤ ደገመችው። እሱም ገባው፤ ጨዋታው ውስጥ ገባላት። ልጅቷ ተሳስታ አይደለም። ውሻ እንዴት እንደሚጮህ፣ ድመትም እንዴት እንደምትጮህ አጥርታ አውቃለች። እውቀቱ የራሷ ስለሆነ አሁን ልትጫወትበት ትችላለች። ልጅ ዓለምን የሚገለብጠው ትክክለኛ ቦታዋን ሲያውቅ ነው። ውሻና ድመትን ገና ያልለየ ሕፃን በዚህ አይስቅም፤ ግራ ይጋባል።

ስለዚህ ልጅ «ዓሣ ዛፍ ላይ ወጣ» ሲባል በሳቅ ሲንከባለል እያየን «ምን ዓይነት የማይረባ ነገር ነው» ባንል ጥሩ ነው። ልጁ ዓሣ የት እንደሚኖር አውቃለሁ እያለን ነው። ይህን መከራከሪያ ቹኮቭስኪ ለዓመታት ሲከራከርበት ኖሯል። በ1928 የሌኒን ባለቤት የነበሩት ክሩፕስካያ የአዞውን ግጥም ፕራቭዳ ጋዜጣ ላይ አጥብቀው ተቹት፤ ለልጆች የማይረባ ቅዠት ነው በማለት። ልጆቹ ግን ግጥሙን በቃላቸው ይዘውት ነበር።

ይህ ነገር ለኛ ባዕድ አይደለም። እንቆቅልሽን አስታውሱ። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» ተብሎ ይጀመራል። መላሹ ካቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል። የስድስት ዓመት ልጅ አያቱን ረትቶ ጎንደርን ይቀበላል፤ ጎጃምን ይጨምራል። ለዚያች ምሽት ጌታው እሱ ነው። ደስታው እዚያ ላይ ነው። ሥዕል ያለው አስቂኝ ግጥም ያንኑ ደስታ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ያወርድለታል።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ እንግባ። የልጆች ግጥም በአማርኛ መጻፍ የራሱ ጸጋና የራሱ ፈተና አለው፤ ብዙ ጊዜ ግን አይወራለትም።

ጸጋው ፊደላችን ነው። «ገዝታ» እና «ማታ» ቤት ይመታሉ። የሚመቱትም በአንድ ፊደል ነው፤ በ«ታ»። ጆሮ የሰማውን ዓይንም ያየዋል። በእንግሊዝኛ ቤት የሚመቱ ቃላት አጻጻፋቸው ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ ልጁ የሰማውን አንድነት ገጹ ላይ ያጣዋል። በአማርኛ ግን ሁለቱን መስመሮች አንዱን ከአንዱ ሥር አድርጋችሁ ጫፍ ላይ ያለውን ፊደል በቀይ ብትጽፉት ፊደል ያልቆጠረ ልጅ እንኳ «ይሄ ከዚያኛው ጋር አንድ ነው» ይላል። የእህቴ ልጅ «ታ»ን የለየችው በዚህ ነው። ከግድግዳው የፊደል ገበታ በፊት ከዶሮዋ ተማረችው።

ፈተናው ግስ ነው። አማርኛ ዓረፍተ ነገሩን በግስ ይዘጋል። ስለዚህ የሰነፍ ግጥም መጻፍ በጣም ቀላል ነው፦ «ገዛች፣ ሄደች፣ አየች፣ ሳቀች»። ሁሉም በ«ች» ያልቃል፤ ሁሉም ቤት ይመታል። የዶሮዋን ግጥም መጀመሪያ የጻፍኩት እንዲህ ነበር። ልጅቷ ዝም ብላ ሰማችው። «እንደገና» የሚል አልመጣም። ለምን? የሚመጣውን ቃል መገመት አትችልም። በ«ች» የሚያልቅ ቃል በመቶ ይቆጠራል፤ ፍንጩ ምንም አይነግራትም። ሳለዝበው ሳዋድደው ቆይቼ ግሱን ወደ ፊት አመጣሁት፤ «ደብቄዋለሁ» አልኩና መጨረሻው ላይ ባርኔጣውን አስቀመጥኩ። የሚታይ፣ የሚጨበጥ፣ ሥዕሉ ላይ ያለ ነገር። ያኔ ነው ግጥሙ የሠራው። ለልጆች የሚጽፍ ሰው የመስመሩን ጫፍ ለሚሣል ነገር ቢተውለት ብዙ ያተርፋል።

ሌላም አለ። ጋይዝል (ዶክተር ሱስ) በ1960 ያሳተመው አንድ ታዋቂ መጽሐፍ ሙሉውን በ50 የተለያዩ ቃላት ብቻ የተጻፈ ነው። አሳታሚው በ50 ቃል አትችልም ብሎት 50 ዶላር ተወራርደው ነበር። ይህን በአማርኛ መድገም እንዴት ይቻላል? «ብላ፣ አልበላም፣ ብበላስ፣ ትበላለህ፣ አትበላም» ለኛ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ ለሚያነብ ልጅ ግን አምስት የተለያየ መልክ አላቸው። ስለዚህ የቃል ቁጥር መቀነስ ላይ ብቻ ማተኮር ለኛ አያዋጣም። ይልቅ ያንኑ ሥር እያገላበጡ መጫወት ይቻላል። ልጅ በተፈጥሮው ይወደዋል፤ «አልበላም፣ አልበላም፣ አልበላም... በላሁ!» ብሎ መሳቅ የማይችል ሕፃን አላየሁም።

ደግሞ ጥብቀትና ልልነት አለ። ፊደላችን አያሳየውም። የዶሮዋን ግጥም ሦስተኛ መስመር ተመልከቱ፦ «ነጋዴው አያት»። አጥብቃችሁ ካነበባችሁት ነጋዴው ዶሮዋን ተመለከታት። አላልታችሁ ካነበባችሁት ነጋዴው የሰው አያት ሆነ። «አለኝ»ም እንደዚያው ነው፤ ሲጠብቅ እንቁላል አላት ማለት ነው፣ ሲላላ አንድ ሰው የሆነ ነገር ነገራት ማለት ነው። ይህን ልጅ ከወረቀት ሊማረው አይችልም። ከአንባቢው አፍ ነው የሚቀበለው። አማርኛ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ የሚፈልግ ቋንቋ ነው፤ ለልጅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ትንሽ ከፍ ያለ ልጅ በዚሁ ይስቃል። ኅዳር ላይ «ገና መቼ ነው?» ብሎ ለጠየቀ ልጅ «ገና ገና ነው» በሉት። ሲገባው ፊቱን እዩት። የሰምና ወርቅ የመጀመሪያ ቅምሻ ያ ነው።

በዚህም ምክንያት ይህ ዓይነት ግጥም ተተርጉሞ አይመጣም። ታሪኩ ይመጣል፤ ቤቱና ምቱ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ጉዳዩ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ልጅ ለሚያሳድጉ ወገኖቻችን ይከብዳል። ልጁ በትምህርት ቤቱ የሚስቀው በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ነው። ቤት ሲገባ የሚሰማው አማርኛ «ጫማህን አውልቅ፣ እጅህን ታጠብ፣ ብላ፣ ተኛ» ብቻ ከሆነ ቋንቋው የትእዛዝ ቋንቋ ይሆንበታል። በቋንቋው አብረውት ካልሳቁበት የኔ አይለውም።

እጅ መታጠብን ካነሳሁ አይቀር፣ ምክር በግጥም ውስጥ አይግባ እያልኩ አይደለም። ቹኮቭስኪ በ1923 ባሳተመው ግጥም ውስጥ ከቆሻሻ ልጅ ብርድ ልብሱና ትራሱ ሳይቀሩ ይሸሻሉ፤ መታጠቢያው ራሱ እየሮጠ መጥቶ ይቆጣዋል። ስለ ንጽህና ነው የሚያወራው። ግን ልጁ እየሮጠ ካለው መታጠቢያ ጋር ነው የሚሮጠው፤ ምክሩን ማንም ቁጭ አድርጎ አልሰበከውም። የኛ የልጆች ግጥም ግን መጨረሻው ላይ «ስለዚህ ልጆች...» ማለት ይወዳል። እዚያ ላይ ሲደርስ ልጁ ገጹን ይገልጣል። እውነቱን ነው።

ለምታነቡ ሰዎች ሁለት ነገር ልበል። ከመጨረሻዋ ቃል በፊት ዝም በሉ፤ ልጁ እስኪሞላው ጠብቁ፣ ቢሳሳትም አትቸኩሉ። ደግሞ ቀልዱን አታስረዱ። ቢጫዋን ጠብታ ራሱ ያግኛት። ዛሬ ካላገኛት ነገ ያገኛታል፤ መጽሐፉን ደጋግሞ የሚያስነብባችሁም ለዚያ ነው።

ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ ወረቀቱን ይዛ መጣች። የማነብላት መስሎኝ ተቀበልኳት። «አይ፣ እኔ ነኝ» አለች። ጉልበቷን እየመታች ጀመረች። «እንዴታ አለች፣ አለኝ ጌታዬ...» ዝም አለች። እኔን አየችኝ። ተራው የኔ ነበር። «ባርኔጣዬ» አልኩ።

«አይደለም! ደብቄዋለሁ በጫማዬ!»

ከዚያ ቢጫውን እርሳስ አቀበለችኝ።